ማስተካከያ፦ የቻይንኛው የህትመት ፎንት በአንድ ፍሎፒ አይገባም

በ1980ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ቻይንኛ በኮምፒውተር እንዴት ይታተም እንደነበር ባለፈው ስጽፍ፣ ባለ 24 ነጥቡ የህትመት ፎንት (ፊደላቱ በነጥብ የተሳሉበት ስብስብ) ባለ 360 ኪሎባይት ፍሎፒ (የዚያ ዘመን ተነቃይ ዲስክ) ላይ ይገባል ብዬ ነበር። ስህተት ነው። አይገባም።

የስክሪኑን ፎንት ከህትመቱ ጋር አምታትቼዋለሁ። በ1980 የወጣው የቻይና ብሔራዊ የኮምፒውተር ፊደላት ስታንዳርድ፣ ጂቢ 2312፣ በውስጡ 6,763 የቻይንኛ ፊደላት አሉት። ለስክሪን የተለመደው መጠን 16 በ16 ነጥብ ነው። 8 ነጥብ አንድ ባይት ስለሚይዝ አንዱ ፊደል 32 ባይት፣ ሁሉም 216,416 ባይት ይሆናሉ። ይሄ ፍሎፒው ላይ ይገባል። በባለ 24 መርፌ ፕሪንተር (ነጥቦቹን በመርፌ እየመታ የሚያትም) የሚታተመው ግን 24 በ24 ነው፤ አንዱ 72 ባይት፣ ሁሉም 486,936 ባይት። የፊደሉን ብዛት ከስታንዳርዱ ወስጄ ነው ያባዛሁት፤ ካልኩሌተር የያዘ ሰው ሊያረጋግጠው ይችላል።

ታዲያ በስክሪኑ ፎንት ለምን አያትሙም? “ልኬት” ማለት የሆነውን ሊያንግ የተባለ ፊደል እንይ። ከላይ እስከ ታች 9 አግድም መስመሮች አሉት። በመካከላቸው 8 ክፍተት ሲጨመር 17 ረድፍ ይሆናል። 16 ረድፍ አይበቃውም፤ የግድ አንድ መስመር ይቀራል ወይም ከጎረቤቱ ይጣበቃል። ስክሪን ላይ ዓይን ይለምደዋል፣ ወረቀት ላይ ግን ያስጠላል። በ24 ረድፍ ፊደሉ ሙሉ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ “አንድ ፍሎፒ ያለው ሰው ማተም ይችል ነበር” ያልኩትም አብሮ ይወድቃል። ሁለተኛ ፍሎፒ፣ ሃርድ ዲስክ ወይም ፊደላቱ የተጫኑበት ካርድ ያስፈልግ ነበር። የቀድሞውን ጽሑፍ አስተካክዬዋለሁ፤ ያጋራችሁት ካላችሁ ይህንንም አያይዙልኝ።