ምስጋና ለመዝገብ አስወጋጆቻችን

ሌላው አገር ወረቀት ላይ ንፉግ ነው። የሞተ ሰው መታወቂያ፣ የተዘጋ ሱቅ ደረሰኝ፣ የፈረሰ ማኅበር ቃለ ጉባኤ ሳይቀር በሳጥን አሽጎ፣ ክፍሉን አቀዝቅዞ፣ ጓንት አጥልቆ ይነካዋል። እኛ ለጋሶች ነን። የወረዳው መዝገብ ቤት በሞላ ቁጥር የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴውም የአርባ ዓመት ፋይል ከተሰበረ ወንበር ጋር አንድ ላይ መዝኖ በኪሎ ይሸጣል። ወረቀቱ ብዙም ሳይቆይ መንገድ ዳር ቆሎ ከሚሸጡት እናት እጅ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ማንም ዜጋ የትብብር ደብዳቤ ሳይጠየቅ፣ «ነገ ተመለስ» ሳይባል፣ የሠፈሩን ታሪክ ከነቆሎው ይረከባል። ደግሞም እስከ ምሽት ክፍት ነው።

ብዝኃነትን በማካተት ረገድም የሚስተካከለው የለም። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ሆነ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብራናውን፣ የነገሥታቱን ደብዳቤ፣ የመኳንንቱን ፎቶግራፍ ይዘዋል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ፣ የጎጃም በረንዳ ወዛደር፣ የአደሬ ሠፈር እናት ግን ለንጉሥ ደብዳቤ አልጻፉም። የእነርሱ ስም ያለው የቀበሌ ቅጽ፣ የእድር መዝገብና የባለ ሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ ነው። የቆሎ ጥቅልል እነዚህን ሁሉ ያለ አድልዎ ያስተናግዳል።

የቀበሌውን ቅጽ ብቻ ብንወስድ፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ማን በየትኛው ክፍል እንደሚኖር፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ብር እንደሚከፍል በየቀበሌው ሲጻፍ ኖሯል። አንድ ግቢ ውስጥ የዶርዜው፣ የጉራጌው፣ የመንዜውና የወለጋው ሰው አንድ የውኃ ቧንቧ እየተጠባበቁ መኖራቸውን ያለ ምንም ንግግር የሚመሰክር ሰነድ ነው። እንዲህ ያለው ሰነድ በመደርደሪያ አቧራ ሲጠጣ ከሚኖር ለውዝ ቢጠቀለልበት ይሻላል ያለው የኮሚቴ አባል ሽልማት ይገባዋል።

የእድር መዝገቡ ደግሞ ይብሳል። ቀብር የቀረ ሰው ቅጣት፣ የተበደረ ድንኳን፣ የጠፋ ብረት ድስት፣ «ስሙን አሰርዞ ወደ አገሩ ገባ» የተባለ አባል፣ በአንድ ገጽ ላይ ወለተ ማርያም ከኑሪያ ሥር የተጻፈችበት የአዋጪዎች ዝርዝር ሁሉ እዚያ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ሲያርፉ መዝገቡ አልጋ ሥር ይቀራል። ልጆቻቸው ቤቱን ሲያጸዱ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ከውጭ ይሰማል፤ ለታሪክ የተላከ መልአክ ይመስል በሰዓቱ ነው የሚደርሰው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱማ ሰው ቁም ሣጥኑን ይጫን ወይስ የእድር መዝገብ? ይህን መጠየቅ ራሱ ነውር ነው።

ከዐረብ ቤት የዱቤ ደብተር ማን ስኳር፣ ማን ላምባ፣ ማን ለበዓል ብቻ ዘይት እንደወሰደ ይነበብ ነበር። ባለ ሱቁ ወደ የመን ሲመለስ ደብተሩም እዳውም አብረው ቀሩ። ባለ እዳዎቹ ቅር አላላቸውም። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆች ለንጉሡ ሙዚቃ ስለተጫወቱ ስማቸው ተርፏል፤ በዚያው ዘመን ለከተማው ጫማና ኮት ሲሰፋ የኖረው አርመናዊ ግን ጥሩንባ አልነፋምና ደረሰኙን ማን ያስቀምጥለታል? ድሬዳዋም በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ግሪኩ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው ከዚራና መጋላ በሚባሉ ሠፈሮች ተከፋፍሎ የኖረባት ከተማ ናት። ስለዚህ ብዝኃነቷን በሽንኮራና በሙዚቃ ቪዲዮ ማሳየት በቂ ነው።

ደግሞስ ብዝኃነትን ለማሳየት ወረቀት ለምን ያስፈልጋል? በየዓመቱ ኅዳር 29 እናሳየዋለን። የባህል ልብስ ከየቡድኑ ይመጣል፣ ይጨፈራል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ፎቶውም ከሥሩ «ባህላዊ አለባበስ» ተብሎ ይቀመጣል። የጨፋሪዋ ስም አይጻፍም፤ ሥራዋ የባንክ ሒሳብ ሠራተኛነት መሆኑም አይጻፍም፤ ጸሐፊው ለትንሽ ነገር ቀለም አያባክንም። የአካባቢ ማኅደር ሲባል ይህ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚስቅበት፣ ማንም የማይታወቅበት።

ይህን መልካም ልማድ ያበላሸ ሰው አለመጥፋቱ ያሳዝናል። ሐረር ውስጥ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የሚባሉ ሰው የእጅ ጽሑፍ መጽሐፉን፣ ሳንቲሙን፣ የድሮ የዘፈን ቅጂውን ሲሰበስቡ ኖረው ሙዚየም አደረጉት። የተበጣጠሰውን መጽሐፍ እንኳ እንደ አባቶቻቸው አጠራረዝ ይጠግናሉ። ኮሚቴ አላቋቋሙም፣ የአበል ቅጽ አላስፈረሙም፣ አዳማ ሄደው የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት አላዘጋጁም። እንዲህ ያለ አሠራር ቢስፋፋ ብዙ ሰው ሥራ ፈትቶ ይቀራል።

መንግሥትም ቢሆን በ1991 ዓ.ም. ስለ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179 አውጥቷል። የአዋጁ ወረቀት ወፍራም ነው፤ ለቆሎም ይሆናል።

በቅርቡ አንድ ኦዲተር ወደ አንድ ወረዳ መጥቶ ምን ያህል ፋይል እንደተወገደ፣ በማን ፈቃድ እንደተወገደ ጠየቀ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሳይደናገጡ፣ ሁሉም በቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ተፈርሞበትና ማኅተም ተመቶበት እንደነበር አስረዱ። ቃለ ጉባኤውስ የት አለ ሲባሉም አላመነቱም፤ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ተመዝኗል አሉ።