ኃይለኛ አምፖል የራስን ጥላ አያጠፋም

«ውጭ ለሚበሰልበት ቦታ ጣሪያው መሃል ላይ አንድ ኃይለኛ አምፖል በቂ ነው» የሚለውን አስተያየት አነበብኩ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፤ ግን ስህተት ነው።

ችግሩ የብርሃን ማነስ ሳይሆን ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ምድጃው ግድግዳው ጥግ፣ አምፖሉ መሃል ላይ ከሆነ ስታበስሉ ለመብራቱ ጀርባችሁን ትሰጣላችሁ። ያኔ የራሳችሁ ጥላ ድስቱ ላይ ያርፋል። ሽንኩርቱ ቀላ ወይስ አረረ? አይታይም። ቢላዋ የያዘው እጃችሁም ጨለማ ውስጥ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። አምፖሉን በሌላ ይበልጥ ደማቅ ብትቀይሩትም ጥላው እዚያው ነው። ይልቅ ሁለት መለስተኛ መብራቶች ከፊታችሁ ግራና ቀኝ ስቀሉ። አንዱ የጣለውን ጥላ ሌላው ያሳሳዋል። ብቻ እሳቱ አናት ላይ አይሁኑ፤ ሙቀቱና ጭሱ ያበላሻቸዋል።

«ቢጫ አምፖል ነፍሳትን ያባርራል» የተባለውም ልክ አይደለም። ብዙዎቹ በራሪ ነፍሳት የሚሳቡት ወደ ሰማያዊና አልትራቫዮሌት (ለዓይናችን ወደማይታይ) ብርሃን ስለሆነ ቢጫው ጥቂት ብቻ ይስባል እንጂ አያባርርም። 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ይሄኛው ሞቅ ያለ፣ ቢጫ ያዘለ ነጭ) አካባቢ ያለ ኤልኢዲ አምፖል ጥሩ ነው። ከዚያ አልፎ ድፍን ቢጫ የሆነው የሥጋውን ቀለም ያሳስታችኋል።

ቀን ላይ ደግሞ ጣሪያ ብቻውን ከፀሐይ አያስጥልም። ወደ ማታ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከምዕራብ በጎን ትገባለች። በዚያ በኩል የቁም መከለያ አድርጉ። ጨርቅ ከሆነ እባካችሁ ከእሳቱ አርቁት።