ሞላ የለውም አልኩ እኮ!

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ አትፍረዱብኝ። ዛሬ ደግሞ በሴንጢዬ መጡብኝ።

ያ ሜክሲኮ ያለው ሕንፃ ነው። ታውቁታላችሁ፣ ሊፍቱ ሰው ይዞ የሚቆመው። በር ላይ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ድሪል አለ። ፒንሳ አለ። ረጅም ካቻቢቴ አለ። የብረት መጋዝ አለ፣ መጋዝ! ፈታሹ ልጅ አንድ በአንድ እያነሳ አየና መልሶ ከተተው። ቀጥሎ ኪሴን ዳበሰ። ሴንጢዬን ሲያገኝ ፊቱ በራ። ሎተሪ የወጣለት ነው የሚመስለው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሴንጢ ነው ወንድሜ። ኬብል የምልጥበት።»

«ክፈተው።»

ከፈትኩት። በአውራ ጣቴ፣ ቀስ ብዬ፣ ስለቱን ወደ ራሴ አዙሬ።

«እንደሱ አይደለም። ራሱ ሲከፈት አሳየኝ።»

«ራሱ አይከፈትም።»

«ይከፈታል።»

«ሞላ የለውም እኮ።»

«ሁሉም ሞላ አለው። እዚህ በር ላይ ስንቱን ይዣለሁ መሰለህ! አንተ ነህ የምታስተምረኝ?»

ልብ በሉ፣ «አንተ» ነው የሚለኝ። ሽበቴን እያየ። እኔ «ወንድሜ» እለዋለሁ፣ እሱ «አንተ»። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል። አንዲት እናት ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው «በስመ አብ» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከእኔ ነው የሸሹት! አንድ ሱፍ የለበሰ ደግሞ «ባካችሁ አሳልፉን፣ ሥራ አለን» ይላል። እኔ ለሽርሽር የመጣሁ ይመስል። እኔም እኮ ሥራ ነበረኝ።

«ለምን ያዝከው ታዲያ?» አለኝ እንደገና።

«ኬብል ልልጥበት አልኩህ።»

«ኬብል በጥርስ አይላጥም?»

በእናታችሁ። በጥርስ! ይሄን ያለኝ የሕንፃ ደህንነት የሚጠብቅ ሰው ነው። ኃላፊው ተጠራ። ኃላፊው ደግሞ መጣና ሴንጢዋን ተቀብሎ በእጁ ገለበጣት፣ ገለባበጣትና «ይሄን የሚይዘው ዱርዬ ነው» ብሎ ፈረደ። አለቀ። ከዚያ ደንበኛዬ ተደወለላትና ከላይ ወረደች። «የአንቺ ሰው ነው?» አሏት ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው። እሷም እኔን አየች፣ ሴንጢዋን አየች፣ «እኔ የጠራሁት ካሜራ የሚገጥም ነው» አለች። አዎ እኮ! ካሜራ ነው የምገጥመው! ሌባ እንዳይገባባችሁ ካሜራ ልሰቅል የመጣሁትን ሰው ነው በር ላይ እንደ ሌባ ያቆማችሁት!

ሴንጢዋን በር ላይ ትቼ ገባሁ። ደረሰኝ የለ፣ ቁጥር የለ፣ ምንም። ላይ ወጥቼ ኮርኒስ ውስጥ ገብቼ ኬብል ስጎትት መቁረጫ የለኝም። ምን ተደረገ መሰላችሁ? የሻይ ክፍሏ ልጅ የሽንኩርት ቢላ አዋሰችኝ። ከእኔ ሴንጢ እጥፍ የሚረዝም ቢላ። እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ በየፎቁ፣ በየሻይ ክፍሉ የተቀመጠ። ማንም «ራሱ ሲከፈት አሳየኝ» አላለውም። እግዜር ይስጣት ልጅቷን፣ ግን በሽንኩርት ቢላ የኔትወርክ ኬብል ልጣችሁ ታውቃላችሁ? ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ፀጉር ናቸው። ስለቱ ትንሽ ካለፈ አንዱ ይበጣና ካሜራው ምስል አይሰጥም። ከዚያ ጥፋቱ የማን ነው? የቴክኒሻኑ!

ስወርድስ? ሦስት ጥበቃዎች ሴንጢዬን ከበዋት ቆመዋል። እንድትፈነጠር በእጃቸው እያወዛወዙ ሲያራግፏት ነው የዋሉት። «ባክህ እንዴት ነው የሚከፈተው? ስንሞክር ነበር» አሉኝ እየሳቁ። ተቀብዬ ስከፍታት ስለቱ ግራ ቀኝ ይወላወላል። የማጠፊያው ብሎን ላልቷል። ለዓመታት በዘይትና በጨርቅ የያዝኳትን ሴንጢ በአንድ ጠዋት። የሌለ ሞላ ፍለጋ!

ሰዎች፣ ሞላ የለውም ስል ሞላ የለውም ነው። አንዴ በደንብ ላስረዳና ይውጣልኝ።

የታጣፊ ሴንጢ አከፋፈት በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ቁልፍ ሲጫኑት ስለቱ ተፈናጥሮ የሚወጣው ነው። ሁለተኛው ባለ ሞላ የምንለው ነው፤ ስለቱን በጣትህ ትንሽ ትገፋዋለህ፣ ከዚያ በኋላ ውስጥ ያለው ሞላ ይቀበልህና ቷ አድርጎ ይጨርሰዋል። ሦስተኛው የእኔ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጣቴ ነው የሚከፍተው። ሲታጠፍ በኪስ ውስጥ እንዳይከፈት የምታግደው አንዲት ትንሽ የብረት ፍሬ አለች፤ ሲከፈት ደግሞ ከጎን የምትመጣ ላሜራ ስለቱን ትቆልፈዋለች። በቃ። ስለቱን ወደ ውጭ የሚወረውር ነገር የለበትም። ጣቴን ካቆምኩ ስለቱም ይቆማል።

ባለ ሞላው የድሮ ነገር እንኳ አይደለም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ነው የመጣው፤ ብላኪ ኮሊንስና ኬን ኦንየን የሚባሉ አሜሪካውያን ሴንጢ ሠሪዎች ናቸው ያስፋፉት። ከዚያ በፊት የዓለም ሠራተኛ በምን ይቆርጥ ነበር? የፈረንሳዩ ኦፒኔል ከ1890 ጀምሮ ያው ነው። የእንጨት እጀታ አለው፣ በሁለት እጅ ይከፈታል፣ ገበሬው ዳቦውንም ገመዱንም በሱ ይቆርጣል። በ1955 የሚሽከረከር የብረት ቀለበት መቆለፊያ ጨመሩበት እንጂ ሞላ አላስገቡበትም። እስካሁን ይሠራል፣ እስካሁን ይሸጣል።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ (ይሄን እንደሚያነበው አውቃለሁ፣ አንብበው!) ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነገር ነው። «መሰላል ላይ አንድ እጅህ ሲያዝ ባለ ሞላው ነው የሚያዋጣህ።» ወንድሜ፣ በአንድ እጅ ለመክፈት ሞላ አያስፈልግም። ስለቱ ላይ ጣት የሚገፋው ጉብታ ወይም ቀዳዳ ካለ በቂ ነው። ስፓይደርኮ የሚባለው ኩባንያ ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ በስቶ፣ ኪስ ላይ የሚሰካ መያዣ ጨምሮ ሴንጢ ያወጣው በ1981 ነው። የአንተ ሞላ ገና ሳይታሰብ በፊት ሰው በአንድ እጁ እየከፈተ ነበር። ደግሞስ መሰላል ላይ ሆነህ እጅህ ውስጥ በኃይል የሚፈነጠር ነገር ትፈልጋለህ? ሲከፈት እኮ እጀታው ራሱ ይመታሃል። ባለፈው ከእጅህ አምልጦ ከላይ ሲወድቅ ከሥር ማን ነበር የቆመው? እኔ!

ስለ መዝጋቱ ደግሞ ማንም አያወራም። ሲከፍት የረዳህ ሞላ ስትዘጋው ይታገልሃል። መቆለፊያዋን ላሜራ በአውራ ጣትህ ገፍተህ ይዘህ፣ ጣትህ ስለቱ መንገድ ላይ ሆኖ፣ ሞላውን አሸንፈህ ነው የምትዘጋው። ላብ ባለው እጅ ሞክሩት። የእኛ ሥራ አቧራ ነው፤ ኮርኒስ ስንበሳ የጂፕሰሙ ዱቄት ዓይናችንም ኪሳችንም ውስጥ ይገባል። ባለ ሞላው አቧራ ሲገባው መሀል ላይ ይቀራል። ያ ሁሉ ጉራ፣ ግማሽ ተከፍቶ ቁጭ! ልጠበው ብለህ ስትፈታው ሞላው ተስፈንጥሮ ኮርኒስ ይገባል። ቢሰበር መለዋወጫ ከየት ታመጣለህ? መርካቶ ዙር፣ ምናለሽ ተራን አስስ፣ አታገኝም። የእኔን በሳሙናና በውሃ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ፣ አለቀ።

ግን መርካቶ ሂዱና በእጅ የሚከፈት አምጡልኝ በሉ እስቲ። ባለፈው ለወንድሜ ልጅ ልገዛ ሄጄ ሻጩ ባለ ሞላ ደርድሮ «ዘመናዊው ይሄ ነው ጋሼ» ይለኛል። ባንዲራ ያለበት፣ የራስ ቅል ያለበት፣ የዘንዶ ስዕል ያለበት። ቷ ቷ ቷ እያደረገ ያሳየኛል። አንዱንም ወረቀት ቁረጥበት ብለው አይቆርጥም። ስለት የለውም! ድምፅ ነው የሚሸጠው! በእጅ የሚከፈት የለም ወይ ስለው ሳቀብኝ። «እሱን ማን ይገዛዋል?» እኔ ነኛ! እኔ እገዛዋለሁ! ፊት ለፊትህ ቆሜ ብር ይዤ!

ንዴቴ የተጠራቀመው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ቷ ባዮች ናቸው የሴንጢን ስም ያጠፉት። ጎረምሳው ይገዛና ታክሲ ውስጥ ቷ ጠቅ፣ ቷ ጠቅ ያደርጋል፤ አጠገቡ ያለችው ልጅ ተነስታ ቦታ ትቀይራለች። ፈታሹም በቀን የሚያየው እሱን ነው። እኔ በሥራ ዕቃዬ ስመጣ የእሱን ዕዳ እከፍላለሁ። አባቶቻችን ኪስ ውስጥ ሴንጢ ነበረ። ብርቱካን ይላጥባታል፣ ጆንያ ይከፈትባታል፣ የልጅ እርሳስ ይቀረጽባታል። ማንም ዱርዬ አላላቸውም።

እሺ ይከልከል፣ ግን ምን እንደተከለከለ ይጻፍ! ሌላው አገር እኮ ተጽፎ ነው የሚከራከሩት። አሜሪካ ቁልፍ ተጭነው የሚከፍቱትን በፈረንጆቹ 1958 በሕግ ገደበች። ባለ ሞላው ሲመጣ ጭቅጭቅ ተነሳና በ2009 ሕጉን አሻሽለው፣ ሰው ስለቱን በእጁ ገፍቶ የሚያስጀምረው ከሆነ በዚያ የፌዴራል ሕግ አይነካም አሉ። እንግሊዝ ደግሞ በተቃራኒው በ2019 ሕጓ ባለ ሞላውንም ከባለ ቁልፉ እኩል ከለከለች። እዚያው እንግሊዝ ግን የማይቆለፍ ታጣፊ ሴንጢ፣ ስለቱ ከ3 ኢንች ወይም ከ7.62 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ፣ አደባባይ ይዘኸው ብትሄድ ምክንያት አትጠየቅም። ሥራ ካለህ ደግሞ ለሚቆለፈውም ሥራህ ምክንያት ይሆናል። ትስማማም አትስማም፣ ቁጥር አለው፣ ልዩነት አለው። ያ ሕንፃ በር ላይ የተለጠፈው ምንድነው? የሽጉጥና የሲጋራ ስዕል። ቀይ መስመር የተሰመረበት። ሴንጢ የለ፣ ሞላ የለ፣ ሳንቲ ሜትር የለ። ሕጉ የልጁ ስሜት ነው። ባለፈው ሳምንት እዚያው በር በዚችው ሴንጢ ገብቻለሁ! ሌላ ፈታሽ ነበረ፣ አይቶ «በርታ ጋሼ» ብሎ ነው ያሳለፈኝ። ዛሬ ዱርዬ ሆንኩ።

ስለቱ ራሱ አሳስቦኛል አሁን። ጥበቃዎቹ ምን ላይ እንደሞከሩት አላውቅም፣ ጫፉ ላይ ተጎርዷል። ድሮ ቢሆን ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበሩት ሽማግሌ ጋ እወስዳት ነበር። በድንጋይ ነበር የሚስሉት፣ በማሽን አይነኩም፤ ማሽን ብረቱን ያግለውና ስለቱ አይቆይም ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ እሳቸው የት እንደሄዱ የሚያውቅ አጣሁ። ፒያሳ ባለፍኩ ቁጥር አስፋልቱና መብራቱ ያምራል ይሉኛል፣ ያምራል፣ እኔ ግን ስለት የሚያወጣልኝ ሰው ነው የጠፋኝ። አሁን የሚስል ሁሉ ፍሊሴ ይዞ ብልጭታ ያስነሳል፤ አንዴ ከሰጠኸው ግማሽ ስለትህን በልቶ ይመልስልሃል።

ደክሞኛል በእውነት። ባለቤቴ «ከተር ያዝ፣ ተገላገል» ትላለች። ከተር የተለያየ ነው ሥራው፣ ወፍራም ገመድ ላይ ስለቱ ይሰበራል፣ ስብርባሪው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ግን ማን ይሰማል። ፈታሹ ልጅም ስወጣ «ነገ ከተር ይዘህ ና» ብሎኛል። ከተር ይገባል ማለት ነው! ከተር ስለት የለውም እንዴ? እሱም እኮ ጣትህን ስትገፋው ነው የሚወጣው! ኧረ ወገን!

ለማንኛውም ሥራው አላለቀም፣ ነገም እዚያው ነኝ። የኮከብ አፍ ያላት ትንሽዬ ካቻቢቴ ያለው ሰው ይደውልልኝ፤ ቲ6 እና ቲ8 ብትሆን ነው፣ የኔ ጠፍታብኛለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለገሃር አካባቢ እደርሳለሁ፣ ብሎኑን አጥብቄ ወዲያው እመልሳለሁ። ባለ ሞላ ግዛ ልትሉኝ የመጣችሁ ግን እባካችሁ ዛሬ እለፉኝ።