«ስትወልጂ ይተውሻል» አትበሏት

ባለፈው ሳምንት ስታዲየም አካባቢ ለጉዳይ አንድ ቢሮ ገባሁ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ በአንድ እጇ ማህተም ትመታለች። በሌላው ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በሻርፕ ጠቅልላ ሆዷ ላይ ይዛለች። የወር አበባ ሕመም ይዟት ፊቷ አመድ መስሏል። አጠገቧ ያሉት ትልቅ ሴት «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ስትወልጂ ይተውሻል» አሏት። ከልባቸው አዝነው ነው። እኔም ለእህቴ ስንቴ ብያታለሁ!

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል እንተው።

የወር አበባ ሲመጣ ትንሽ ቁርጠት ያለ ነው። ከሥራ የሚያስቀር፣ የሚያስመልስ፣ በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም ግን «የሴት ነገር» ተብሎ አይታለፍም። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል በሽታ አለ። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፤ እንቁላል ማምረቻው ላይ፣ ቱቦው ላይ፣ አንዳንዴም አንጀት ላይ። በየወሩ ያብጣል፣ ይደማል። ደሙ መውጫ የለውም። ቦታው ይቆጣል፣ ጠባሳ ይሠራል፣ ውስጧ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በዓለም ላይ በመውለድ ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች አንዷን ገደማ ይይዛል። ይኸው በሽታ ማርገዝም ሊያስቸግር ይችላል። «ስትወልጂ ይተውሻል» ስንላት፣ ልጅ ሊከለክላት የሚችለውን በሽታ ልጅ እስክትወልድ ቻይው እያልናት ነው። ደግሞም ብትወልድ እንኳ ሕመሙ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ «አልትራሳውንድ» የሚል ታፔላ አናጣም። ግን አልትራሳውንዱ ምንም አላሳየም ማለት ኢንዶሜትሪዮሲስ የለም ማለት አይደለም። «ምንም የለብሽም» ተብላ የተመለሰችን ልጅ አስመሳይ አትበሏት።

ማዮማ ሲባል ደግሞ በተቃራኒው ቤቱ በሙሉ ይደነግጣል። ማዮማ ማህፀን ላይ የሚበቅል እጢ ነው እንጂ ካንሰር አይደለም። ብዙ ሴቶች እያለባቸው ወልደዋል። እርግዝናን በተለይ የሚያውከው ወደ ማህፀኑ ውስጥ የገፋው ነው። በየሰዓቱ ሞዴስ የምትቀይር ሴት ግን ደሟ እያለቀ ነውና ሳትውል ሳታድር ትታይ። የወር አበባዋ በሁለት በሦስት ወር አንዴ የሚመጣ፣ አገጯ ላይ ፀጉር የሚበቅልባት ልጅም ፒሲኦኤስ የሚባል የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል። እንቁላሏ በየወሩ ስለማይወጣ ነው። ብዙዎቹ በኪኒን ታክመው ያረግዛሉ።

እናንተ ወንድሞቼ! ሚስቶቻችሁን ብቻቸውን ከክሊኒክ ክሊኒክ አታንከራትቱ። ልጅ ካጡ ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ምክንያቱ ወንዱም ጋ አለ። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቢላ የለው፣ መርፌ የለው፤ መጀመሪያ እናንተ ተመርመሩ። ክላሚዲያ የሚባለው በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ በሽታ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ሳይታወቅ የሴቷን ቱቦ ሊዘጋ ይችላል። ከውጭ አምጥታችሁባት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ «መካን» ብሎ መፍታት ግፍ ነው።

እናቶች፣ ልጃችሁን ስትወስዷት ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ስንት ሞዴስ እንደቀየረች ጽፋችሁ ያዙ። ሽንት ቤት ስትቀመጥ የሚያማት ከሆነም ይነገር። እሷ ካፈረች እናንተ ንገሩላት።