ጀልባዎቹን መልሱልን

ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው በሐይቅ ከተማ ሐይቅ ዳር ካሉት መዝናኛዎች አንዱ ጀልባ ማከራየት ካቆመ ሰነባበተ። የቤቱን ስም ትቼ ስለ ነገሩ ልናገር። አሁን እዚያ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ወንበር፣ ማኪያቶና የቆሮሶ ጥብስ ነው። ዓሣውም ማኪያቶውም ጥሩ ነው። ግን ሐይቅ ድረስ ሄዶ ውሃው ላይ ሳይወጡ መመለስ አንጀት አያርስም።

ጀልባዎቹ አልተሸጡም። ከኩሽናው ጀርባ ተደፍተው ተቀምጠዋል። ሰማያዊ ቀለማቸው ተልጦ እንጨቱ ይታያል። አንደኛዋን የደፋት ስለሌለ የዝናብ ውሃ አቁራለች፤ ባዶ የለስላሳ ሣጥንም ተጭኖባታል። መቅዘፊያዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አስተናጋጁን ጠየቅኩት። «ጀልባ ቀርቷል። ነዳጁም የሞተሩ ዕቃም አልተቻለም» አለኝ።

ይህ ለደሴ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ከተማችን በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች፣ ብርድና ጉም የማይለያት የተራራ ከተማ ናት። የደሴ ልጅ ውሃን የሚያውቀው በቧንቧና በጀሪካን ነው። ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይያዛል፣ ሐይቅ ከተማ ሲደርሱ ባጃጅ ይዞ ወደ ውሃው ነው። ለዒድም ለፋሲካም ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚሄድበት ቦታ ነው። ብዙ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ውሃ ላይ መንሳፈፍ ምን እንደሚመስል ያወቁት እዚያ ነው። ከዳር ሆኖ የሚታየው ደንገሉና ከፊት ለፊት ያለው ውሃ ብቻ ነው። ሐይቁ ግን 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 88 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ይህን የሚያህል ነገር ከወንበር ላይ ሆኖ አይታወቅም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን የእናቶቻችን ጉዳይ ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መነኮሳትን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። ድሮ ደሴት ነበር። ውሃው እየሸሸ ሲሄድ ከየብስ ጋር ተገናኘና ዛሬ ወንዱ በእግሩ ይገባል። ሴት ግን አትገባም። ሥርዓቱ ነው፤ በሥርዓቱ ላይ ክርክር የለኝም። ጀልባ በነበረ ጊዜ እናቶች ተከራይተው በውሃው በኩል ይሄዱ ነበር። ቀዛፊው ከገዳሙ ራቅ ብሎ ያቆምላቸዋል። እዚያው ጀልባዋ ላይ ሆነው ይሳለማሉ።

አንድ ጊዜ አብሬያቸው ተሳፍሬ ነበር። አንዲት ጠና ያሉ እናት ጀልባዋ በተወዛወዘች ቁጥር ጠርዟን ጨምድደው ይይዛሉ። ቀዛፊው ልጅ «እማማ፣ አይስጉ፣ አብሽሩ! ዳር ዳሩን ነው የምንሄደው» ይላቸዋል። ዛፎቹ መሐል ያለው ቤተ ክርስቲያን ሲታያቸው ፍርሃቱን ረሱት። ቀና ብለው አማተቡ፣ ከዚያ ጎንበስ አሉ። የነጠላቸው ጫፍ ውሃው ውስጥ ሊገባ ሲል ጎናቸው የነበሩት ሒጃብ ያደረጉ እናት ሰብሰብ አድርገው ያዙላቸው። እስኪጨርሱም አልለቀቁትም። አሁን ለእኚህ እናት ይህን የሚያደርግላቸው ማን ነው? ልጃቸው ገዳሙ ገብቶ ሲወጣ በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል፣ በቃ።

ለባለቤቶቹ የሚከብድ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። በ2014 ጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከዚያ ወዲህም ክልሉ አልረጋም፤ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ተመናምኗል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ናረ። የጀልባ ሞተር መለዋወጫም ያው የውጭ ዕቃ ነው። የቤንዚን ሰልፉን የማያውቅ የለም። በዚህ ላይ ሠርግና ምርቃት በአንድ ቀን የሚያስገባው ገንዘብ ጀልባ በወር የማያስገባው ሊሆን ይችላል። ነጋዴ ነውና ያሰላል።

ግን መቅዘፊያ ቤንዚን አይጠጣም። ከኩሽናው ጀርባ ከተደፉት ጀልባዎች አብዛኞቹ የመቅዘፊያ ናቸው። የሞተሩ ጀልባ ቆመ ተብሎ እነሱም አብረው ለምን ቆሙ? ለዚህ መልስ የሰጠኝ የለም።

አደጋ ይመጣል የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፣ ጥልቅ ሐይቅ ነው። ላይፍ ጃኬት ያላደረገ አይሳፈር። ከልክ በላይ ሰው አይጫን። የጠጣ ሰው አይከራይ። ነፋስ ሲነሳ ጀልባ ሁሉ ይመለስ። ይህ ሁሉ የሚቻል ነገር ነው። ጀልባ ማቆሙ ግን ሰውን ከውሃው አላራቀውም። ወጣቶች ዓሣ አጥማጆቹን ለምነው፣ ትንሽ ብር ሰጥተው፣ ለአንድ ሰውና ለመረብ በተሠራ ታንኳ ላይ ያለ ጃኬት ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ የትኛው ነው አደጋው?

ሥራውስ? ከቀዛፊዎቹ አንዱን ኮምቦልቻ ባጃጅ ሲነዳ አገኘሁት። ነፋሱ በየትኛው ሰዓት እንደሚነሳ፣ ደንገሉ የት ጋ መቅዘፊያ እንደሚይዝ፣ ልጅ የያዘ ሰው የት መቀመጥ እንዳለበት አብጠርጥሮ የሚያውቅ ልጅ ነው። «ቢጠሩኝ ነገ እመለሳለሁ» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው እንዲሁ በቀላሉ አይገኝም።

ሐዋሳ ሂዱ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ጀልባ እንደ ባጃጅ ተራ ይዞ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ባሕር ዳርም ጣና ላይ ወደ ገዳማቱ የሚወስድ ጀልባ አለ። የነዳጁና የምንዛሪው ችግር እነሱንም ይመለከታል። መንግሥትም በገበታ ለሀገር ጎርጎራንና ወንጪን ሲያለማ ውሃን ይዞ እንግዳ መሳብ እንደሚቻል አምኖ ነው። እኛ የዚያን ያህል ወጪ አልጠየቅንም። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል እንደሚባለው፣ ሐይቃችን ቅርባችን ስለሆነ ብቻ ተናቀ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። መዝናኛው የያዘው ዳሩን ነው። ዳሩን የያዘ ሰው ወደ ውሃው የሚወስደውን መንገድ ክፍት ማድረግ አለበት ባይ ነኝ። ራሱ ማከራየት ካላዋጣው ለሐይቅ ከተማ ወጣቶች ይልቀቅላቸው። የተሁለደሬ ወረዳ ያደራጃቸው፣ መዝናኛው መሳፈሪያውን ይፍቀድላቸው፣ ከገቢያቸው ድርሻ ይክፈሉት። ጀልባ የሚወጣ ሰው ሲመለስ ይርበዋል፤ ዓሣውንም እዚያው ነው የሚበላው።

ዋጋው ይጨመር ከተባለም ይጨመር። ለልጆች ቅናሽ ይኑረው እንጂ የደሴ ሰው ይከፍላል። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሐይቁ ሞልቶ፣ ዳሩ ለምልሞ የሚታይበት ጊዜ ነው፤ ሰውም የሚበዛው ያኔ ነው። እስከዚያ የተደፉትን ገልብጦ ስንጥቃቸውን ለመድፈን፣ ቀለም ለመቀባትና ጃኬት ለመግዛት ጊዜ አለ። ቀዛፊውን ልጅ ለመጥራት ደግሞ አንድ ስልክ ይበቃል።