ቀዩን ኮፍያ የት ጣላችሁት?

እናንተ የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ሐበሾች፣ እስቲ አንድ ጊዜ ስሙኝ። ዛሬ ሰኞ፣ ኦክቶበር 28 ቀን 2019 ነው። ባለፈው ሐሙስ ቡና ቤት ስገባ የከተማችንን የቤዝቦል ቡድን፣ የናሽናልስን፣ ቀይ ኮፍያ ያላደረገ ሰው ለማየት ይቸግር ነበር። ዛሬ ጠዋት እዚያው ቤት ገባሁ። አንድም ኮፍያ የለም። ወሬው ሁሉ ተመልሶ አርሰናል ሆኗል።

እኔም ተቃጥያለሁ፣ አልዋሽም። በወርልድ ሲሪስ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫ በሚወስድበት የቤዝቦሉ ፍጻሜ፣ ሂውስተን ሄደን አስትሮስን 5 ለ 4፣ ቀጥሎም 12 ለ 3 አሸንፈን ስንመለስ ዋንጫው የተበላ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በገዛ ሜዳችን 4 ለ 1፣ 8 ለ 1፣ 7 ለ 1 ተሸነፍን። በሦስት ምሽት ሦስት ነጥብ። በቀን አንድ፣ ሐኪም ያዘዘልን ይመስል። አርብ ዕለት 12 ሰዋችን ቤዝ ላይ (ነጥብ ለማግባት ሯጩ በየተራ በሚረግጣቸው ማረፊያዎች) ቆሞ ቀረ፣ በዝናብ ታክሲ እንደሚጠብቅ። ቅዳሜ የእነሱ ብሬግማን ቤዞቹ ሞልተው ሳለ ኳሷን ተመልካች መሃል ጣላት። በአንድ ምት አራት ነጥብ። ትናንት ደግሞ ኳስ ወርዋሪያችን ሸርዘር አንገቱ ተይዞ ከአልጋ መነሳት አቃተውና ጆ ሮስ በድንገት ተተካ። የሂውስተኖቹ አልቫሬዝና ኮሬያ ምን እንዳደረጉት አይታችኋል።

መናደድ የለም ወይ? ተናደዱ። የእናንተ ግን ንዴት አይደለም፣ ሽሽት ነው።

ትናንት በሰባተኛው ኢኒንግ (ዙር) የኛው ሶቶ ሆም ረን መታ፣ ኳሷን ከሜዳ አሻገራት። 4 ለ 1 ሆነ። ዘልዬ ተነሳሁና ከጎኔ ካለው ሰው ጋር እጅ ልመታ ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ሒሳቡን ከፍሎ ሄዷል። ጥብሱን እንኳ በቅጡ አልጨረሰም።

ወገኖቼ፣ ይሄ እኮ እግር ኳስ አይደለም። እግር ኳስ በ85ኛው ደቂቃ 3 ለ 0 ከሆነ ተነስታችሁ ቤታችሁ ግቡ፣ አልቀየምም። ቤዝቦል ግን ሰዓት የለውም። ሃያ ሰባተኛው አውት፣ ማለት ሃያ ሰባተኛው ከጨዋታ የተባረረ ሰው፣ እስኪቆጠርባችሁ ድረስ ዱላው በእጃችሁ ነው። በዚህ ወር ብቻ ሁለቴ እንዲህ ተርፈናል። ከሚልዋኪ ጋር ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ 3 ለ 1 ተመርተን 4 ለ 3 ወጣን። ከሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ጋር በመጨረሻው ጨዋታ 3 ለ 0 ተመርተን፣ በስምንተኛው ሬንዶንና ሶቶ ወርዋሪያቸው ከርሾው ላይ ተከታትለው ሆም ረን መቱ፣ በአሥረኛው ኬንድሪክ ጨረሰው። በሰባተኛው ኮቱን የለበሰ ሰው ሁለቱንም አላየም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። ትናንት አንዱ “አሰልጣኙ መባረር አለበት” ሲል ሰማሁት። ይሄ ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት ቤዝ ማለት ምን እንደሆነ እኔን የጠየቀ ነው! ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ። ዴቪ ማርቲኔዝ በሴፕቴምበር ልቡን አሞት ሆስፒታል ገብቶ የተመለሰ ሰው ነው። በሜይ 19 አሸንፈን 31 ስንሸነፍ ይባረር ያሉ ነበሩ፣ እነሱስ ይበሉ። እነሱ 2012ን አይተዋል፤ 6 ለ 0 መርተን 9 ለ 7 የተሸነፍንበትን ሌሊት። እናንተ ምን አይታችሁ ነው?

ከቤቴ ማዶ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ አለ። የድሮው ቡድን በ1971 ጥሏቸው ወደ ቴክሳስ ሲሄድ ልጅ ነበር። እስከ 2005 ድረስ ከተማው ቡድን አልነበረውም። ወርልድ ሲሪስ እዚህ የተደረገው ደግሞ ከ1933 ወዲህ ገና ዘንድሮ ነው። ዛሬ ጠዋት ቆሻሻ ሊጥል ሲወጣ አየሁት። ፒጃማ ለብሷል፣ ኮፍያዋ ግን ጭንቅላቱ ላይ ናት። ስለ ትናንቱ ምንም አላነሳም። “ነገ ስትራስበርግ ነው” ብሎኝ ገባ።

አዎ፣ ነገ የሚወረውርልን ስትራስበርግ ነው። እነሱ ቨርላንደርን ያወጣሉ። እስካሁን በአምስቱም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው፣ ነገ ደግሞ እንግዳው እኛ ነን። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያው ወንበር ላይ ታገኙኛላችሁ። አጠገቤ መቀመጥ የምትፈልጉ ኑ። ብቻ ለአስተናጋጇ ነግሬያታለሁ፤ ከሃያ ሰባተኛው አውት በፊት ለማንም ሒሳብ አታመጣም።