«እኔ ጋ ይሰራል»

ሥራ በሌለበት ቀን አልነሳ ያለ ፕለጊን፣ ማለትም በዲዛይን ፕሮግራም ላይ የሚገጠም ተጨማሪ መሣሪያ፣ አይቼ አላውቅም። እንዲሁ ለመነካካት ፕሮግራሙን የከፈታችሁ ዕለት ሁሉም ነገር በየቦታው አለ። ሜኑው አለ፣ ፓነሉ አለ፣ የተጫናችሁት ሁሉ እሺ ይላል። ሥራው የሚረከብበት ቀን ደርሶ ደንበኛው «እንዴት ሆነ?» እያለ መደወል ሲጀምር ግን ፕለጊኑ የለም። ትናንት የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

ዲዛይነሩ ያኔ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር በየሜኑው መዞር ነው። ፋይል ሥር ያያል። ኤዲት ሥር ያያል። ዊንዶው ሥር ያያል። ሄልፕን በሕይወቱ ከፍቶ የማያውቅ ሰው ሄልፕ ሥር ሳይቀር ያያል። ከዚያ ተመልሶ ፋይል ሥር ይገባል። ይሄኔ መጥቶ ይሆናል ብሎ ነው መሰለኝ።

ቀጥሎ መካሪ ይመጣል። አንደኛው መካሪ «ሪስታርት አድርገው» ባይ ነው። ሌላ መድኃኒት አያውቅም። ኮምፒውተሩ ቢቃጠልም ይህንኑ የሚል ይመስለኛል። የሚያናድደው ታዲያ ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ የዲዛይን ፕሮግራሞች የፕለጊን ፎልደራቸውን የሚያነቡት ሲነሱ ነው። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ፎልደሩ ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ፕለጊን፣ ዘግታችሁ እስክትከፍቱት ድረስ አያውቀውም። መካሪው ግን ይህን አያውቅም። ምክንያቱን ሳያውቅ ልክ ከሚሆን ሰው ጋር ደግሞ መከራከር አይቻልም።

ሁለተኛው «ምን ነካካህበት?» ባይ ነው። ጥያቄ ይመስላል እንጂ ክስ ነው።

«ኧረ ምንም አልነካሁም!»

«ካልነካህማ እንዴት ይጠፋል?»

«አፕዴት ብቻ ነው ያደረግኩት።»

እዚህ ላይ ከተከሳሹ ጎን እቆማለሁ። አፕዴት ማድረግ መነካካት አይባልም፤ ስንት ቀን ሙሉ የለመነን ራሱ ፕሮግራሙ ነው። ፕለጊን በሰው ቤት የሚኖር ደባል ነው። የራሱ በር የለውም። እሱ ተኝቶ ባደረበት አከራዩ ቁልፉን ይቀይራል። ጠዋት ደጅ ቆሞ ሲያዩት ሰው ሁሉ «ምን አጥፍቶ ይሆን?» ይላል።

ቁልፍ የመቀየሩ ነገር ደግሞ የቆየ ነው። ፎቶሾፕ በማክ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ32 ቢት ብዙ ማህደረ ትውስታ ወደሚጠቀመው 64 ቢት አሠራር ሲሸጋገር የ32 ቢት ፕለጊኖች ከውጭ ቀሩ። 64 ቢት የሆነ ፕሮግራም 32 ቢት የሆነን ፕለጊን ውስጡ ማስገባት አይችልም፤ ልመናም አይሰማም። በ2019 የ3ዲ ፕሮግራሙ ብሌንደር 2.80 ሲወጣ አድኦኖች (ፕለጊኖቹን እንዲህ ነው የሚጠራቸው) የሚጠቀሙባቸው ብዙ ትእዛዞች ተቀየሩ፤ እንደገና ያልተጻፈ አድኦን ሁሉ ወደቀ። በ2020 መጨረሻ አፕል የራሱን ፕሮሰሰር ይዞ መጣ። ለኢንቴል ብቻ የተሰራ ፕለጊን ለአዲሱ ፕሮሰሰር በተሰራው ፎቶሾፕ ውስጥ አይታይም፤ ፕሮግራሙን በሮዜታ፣ ማለትም ለኢንቴል የተሰራን በአዲሱ ፕሮሰሰር ላይ በሚያስኬደው የአፕል አስተርጓሚ፣ ስትከፍቱት ግን ተመልሶ ይመጣል። የንድፍ ፕሮግራሙ አውቶካድ 2025 ወደ ዶትኔት 8 (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ መድረክ) ሲዞር ለቀድሞው የተጻፉት የዶትኔት ፕለጊኖች እንደገና መዘጋጀት ግድ ሆነባቸው። የነጻው የፎቶ ማረሚያ የጊምፕ 3.0ማ ይለያል። ሰዎች ዓመታት ጠብቀውታል። በማርች 2025 መጣ። ደስታው ለቀድሞው 2.10 የተጻፈውን የመጀመሪያ ፕለጊን እስኪሞክሩ ድረስ ቆየ።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ፕለጊኑ አንድ ፊደል አልተቀየረም። ትናንት እንደነበረው ነው። ጥፋቱም እሱው ነው።

ፕለጊን ዝም ከሚል ቢናገር ይሻላል ይባላል። ይህን የሚሉት የሚናገረውን ያልሰሙ ናቸው። ፎቶሾፕን በሚሠራው በአዶቢ ፕሮግራሞች ውስጥ የታወቀ መልእክት አለ፤ ኤክስቴንሽኑ (ይህም የፕለጊን ዓይነት ነው) በአግባቡ ስላልተፈረመ ሊጫን አልቻለም ይላል። ዲዛይነሩ ያነበዋል። ደግሞ ያነበዋል። ፈራሚው ማን ነው? እኔ ነኝ? የት ጋ ነው የምፈርመው? ስንት ኮንትራት ሳያነብ የፈረመ ሰው፣ ፈርም ሳይባል ልፈርም ብሎ ቦታ ሲያጣ ማየት ያሳዝናል።

ፊርማው የሠሪው ነው። «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በኋላ ማንም አልነካውም» ብሎ በዲጂታል ሰርተፊኬት ያትመዋል። ከውስጡ አንድ ፋይል ከተቀየረ ፊርማው ፈረሰ ማለት ነው። እናም የፕለጊኑ አይከን ዓይኑን ስላስቀየመው ከፍቶ ያሳመረ ዲዛይነር በዚህ ይያዛል። ምን ያድርግ፣ አስቀያሚ አይከን እያየ ሥራ መሥራት አይችልም። አይከኑ አማረ፣ ፕለጊኑ ቀረ።

ሰርተፊኬቱ ደግሞ የሚያበቃበት ቀን አለው። ሠሪው ሲፈርም የጊዜ ማህተም ካላከለበት፣ ያ ቀን ሲደርስ ፊርማው ዋጋ ያጣል። ማንም ምንም ሳይነካ፣ አፕዴት እንኳን ሳይኖር፣ ማታ ሲሰራ ያመሸው ጠዋት እምቢ ይላል። «ምን ነካካህበት?» ለሚለው መካሪ «ቀኑ መሸ» ብላችሁ ብትመልሱ ውሸት አይሆንም።

የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራሙ ሬቪት በበኩሉ ጨዋ ነው፤ ያልተፈረመ ነገር ሲያገኝ ይጠይቃል። ሁልጊዜ ልጫነው? ለአሁን ብቻ ልጫነው? ወይስ አልጫነው? ሦስት ምርጫ ነው። ሰው የትኛውን ይመርጣል? ለማውዙ የቀረበውን። ከዚያ «አትጫን» ብሎ ያዘዘው ራሱ መሆኑን ሳያውቅ፣ ለምን አልተጫነም እያለ ቀኑን ሙሉ ሲያማርር ይውላል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ዝምታው ነው። መልእክት የለም፣ ቀይ ምልክት የለም፣ ፕሮግራሙ እንዲህ የሚባል ፕለጊን ኖሮም የሚያውቅ አይመስልም። ለዚህ ጊዜ ሎግ ፋይል የሚባል ነገር አለ። ብዙ ፕሮግራሞች ሲነሱ ምን እንደጫኑ፣ የትኛው እንደወደቀና በምን እንደወደቀ እዚያ ላይ ይመዘግባሉ። መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ዲዛይነሩም ይከፍተዋል። ፎንቱን ያያል። ይዘጋዋል።

ወደ ፎልደር ጉዳይ እንምጣ፤ አብዛኛው ጣጣ ያለው እዚያ ነውና። ሬቪት የአድኢን (ፕለጊንን እንዲህ ነው የሚለው) ፋይሎችን የሚፈልገው በዓመተ ምሕረት በተሰየሙ ፎልደሮች ውስጥ ነው። 2024 የሚል ፎልደር ውስጥ ያለውን ሬቪት 2025 ዞር ብሎ አያየውም። አውቶካድ ደግሞ ከ2014 ቨርዥኑ ጀምሮ ታማኝ ተብለው ከተመዘገቡ ፎልደሮች ውጭ የመጣን ኮድ ይጠረጥራል። ዊንዶውስም የራሱ ጥርጣሬ አለው፤ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ ምልክት ያኖርበታል። ምልክቱን ለማንሳት ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ታች ጥግ ላይ «አንብሎክ» የምትል ሚጢጢ ሳጥን አለች። ስንት ሰው ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደረገው ያቺን ሳጥን ሳያያት ነው!

ዚፕ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ብሌንደር ዚፑን እንዳለ ስጡኝ ይላል። ሌላው ፕሮግራም ካልፈታችሁት አልቀበልም ይላል። መመሪያውን አንብቦ «ሳልፈታው ነው የማስገባው» ብሎ የተዘጋጀ የማክ ተጠቃሚ ደግሞ ሳፋሪ አለበት። ሳፋሪ ካላስቆሙት ያወረደውን ዚፕ ሳይጠየቅ ፈትቶ ይጠብቀዋል፤ ለመርዳት ብሎ። ተጠቃሚው የተፈታውን መልሶ ዚፕ ያደርገዋል። ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ የዚያ ውስጥ ሌላ ፎልደር ይሆናል። አድኦኑ ውስጥ አለ፣ የሚያገኘው ግን የለም። በቀደሙት የብሌንደር ቨርዥኖች ይህን ሁሉ ተሻግሮ በትክክል ያስገባው ሰው እንኳን፣ ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ ጎን ያለችውን ሳጥን ካልጫነ አድኦኑ አይነሳም። ገብቷል፣ ግን አልበራም።

ስለ አንቲቫይረስ ብዙ አልልም። አንዳንዴ ፋይሉን እሱ ነው የሚወስደው። ወስዶም አይናገርም፣ ወይም ሲናገር እናንተ ቸኩላችሁ ዘግታችሁበታል።

እንግዲህ ትክክለኛ መንገድ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ሰው አይወደውም እንጂ። ፎቶሾፕን ስትከፍቱ ወዲያው ሺፍትን ተጭናችሁ ብትይዙ፣ ከውጭ የመጡትን ፕለጊኖች ልዝለላቸው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሺ ትሉታላችሁ። ያለ እነሱ ደህና ከተነሳ አጥፊው ከመካከላቸው ነው። ከዚያ ግማሾቹን ከፎልደሩ ታወጣላችሁ፣ ፕሮግራሙን ትከፍታላችሁ። ችግሩ ካለ በቀሩት ውስጥ ነው፣ ከሌለ በወጡት ውስጥ። ያንን ግማሽ ደግሞ ለሁለት ትከፍላላችሁ። 32 ፕለጊን ቢኖራችሁ፣ አጥፊው አንድ እስከሆነ ድረስ በ5 ሙከራ ትይዙታላችሁ። 64 ቢሆኑ በ6።

ይህን የሚያደርግ ሰው ግን አላየሁም። ሰው የሚመርጠው ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። ድካም ያለበት ነገር ሥራ የተሠራ ያስመስላል። ወይም ሦስተኛው መካሪ ይመጣና ፎቶሾፕ ሲነሳ ኮንትሮል፣ አልትና ሺፍትን አንድ ላይ ያስይዘዋል። ይህ ቅንብሩን ሁሉ እንደ አዲስ ያደርገዋል። አንዳንዴ ይፈውሳል። የዲዛይነሩ የፓነል አቀማመጥ፣ የራሱ አቋራጮች፣ ለዓመታት ያመቻቸው ነገር ግን አደጋ ላይ ነው። መካሪው ታዲያ ይህን የሚናገረው ካስደረገው በኋላ ነው። «ባካፕ ይዘህ ነበር አይደል?» ይላል፣ ቦርሳውን እያነሳ።

አራተኛው የመካሪ ዓይነት ምንም አይመክርም። ቀርቦ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ «የሚገርም ነው፤ እኔ ጋ ይሰራል» ይላል። ከዚያ ዝም። ይህ ሰው ክፋት የለበትም፤ መረጃ የሰጠ መስሎታል። ብንጠቀምበት እንዲያውም ትልቅ መረጃ ነበር። የእሱ ፕሮግራም ስንተኛ ቨርዥን ነው? የእናንተስ? እሱ ጋ ያለው ፎልደር ምን ይዟል? ሁለቱን ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር መካሪን ሁሉ ያስንቃል። ግን ማን ይጠይቀዋል? «እኔ ጋ ይሰራል» ከተባለ በኋላ የሰውየውን ፊት ማየት ራሱ ያስጠላል።

በነገራችን ላይ በጣም የሚቆጣው ፕለጊኑን የገዛው ሰው አይደለም። የገዛው በትሕትና ይጠይቃል። ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሰራ የተሰበረውን፣ አውርዶ የጫነው ነው «እንዲህ ዓይነት ቀሽም ሥራ ለሕዝብ ይለቀቃል?» እያለ የሚጮኸው። የፕለጊኑ ፊርማ ፈረሰ ሲባልም እሱ ነው የሚገርመው።

መጨረሻ ላይ ለሠሪው መጻፍ ይመጣል። ደብዳቤው ረጅም ነው። የጠፋው ጊዜ አለበት፣ የደንበኛው ቁጣ አለበት፣ የቃለ አጋኖ ብዛት አለበት። ሠሪው በማግሥቱ ይመልሳል።

«ሰላም፣ ስለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን። የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ቨርዥኑ ስንት ነው?»

«አዲሱ ነው።»

«አዲሱ የትኛው?»

«ትናንት የመጣው።»

«እሺ። ሲነሳ የሚያሳየው መልእክት አለ?»

«አለ።»

«ምን ይላል?»

«ረጅም ነበር፤ ዘጋሁት።»